ለጀማሪ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦ መደብ፣ ደመወዝና የሙያ ክብር በድሬዳዋና በሐረር

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚወሰነው ለሰው ሳይሆን ለመደብ ነው። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ በዲግሪ የተመረቀ ሰው «የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ» በሚል የጽሕፈት መደብ ላይ ከተቀጠረ የሚከፈለው የዚያ መደብ ደመወዝ ነው፤ ዲግሪው ከግል ማኅደሩ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። በኋላ «ዲግሪ እኮ አለኝ» ብሎ መከራከር ብዙም አያስኬድም፤ ምክንያቱም ፈርሞ የተቀበለው መደቡን ነው። ስለዚህ ከሥራው በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያዙት ወረቀቶች ከኋለኛው ዓመታት ልፋት ይልቅ ደመወዙንም ክብሩንም ይወስናሉ። ይህ መመሪያ በተለይ በዚያ ላይ ያተኩራል።

ትምህርቱና ማስረጃው

የቤተ መጻሕፍት ሙያ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው በአብዛኛው በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ስም ነው። ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ቅርቡ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጅማም ትምህርቱን ይሰጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለአፍሪካ ታስቦ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ከተከፈተው የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ጀምሮ በሁለተኛ ዲግሪ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከዚያ ውጭ እንደ ሐኪም ወይም እንደ ነርስ የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ላይ የለም። ነፃነቱ ጥሩ ቢመስልም ጉዳት አለው፦ ፈቃድ ስለማይጠየቅ ቦታው ላይ ማንም ይመደባል፤ ከሌላ ክፍል የተነሣ ሠራተኛ ማረፊያ የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ባለሙያው ራሱን በማስረጃ መለየት ያለበት ለዚህ ነው።

በምልመላ ላይ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ችግር የትምህርት ዘርፍ ስም ነው። ማስታወቂያው «ላይብረሪ ሳይንስ» ይላል፤ ዲግሪው «ኢንፎርሜሽን ሳይንስ» ይላል፤ የሰው ሀብት ሠራተኛው ሁለቱን አያገናኛቸውም። ወይም በተቃራኒው ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ እና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመመረቃችሁ በፊት ወይም ትራንስክሪፕት ስታወጡ፣ የካታሎግ ሥራ፣ ምደባ፣ የመረጃ አደረጃጀት፣ የስብስብ ግንባታና የመዛግብት አያያዝ ኮርሶችን ከነክሬዲት ሰዓታቸው የሚዘረዝር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ አጽፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ማኅተም ይኑረው። ከማመልከቻው ጋር አያይዙት፤ ቅሬታ ከማቅረብ ይልቅ አስቀድሞ ማሳየት ይቀልላል።

ሌሎቹ ወረቀቶች የታወቁ ናቸው፦ ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የወጪ መጋራት ማስረጃ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። ከግል ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ማስረጃውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ቀድሞ ቢያረጋግጥ ይሻላል፤ ከቅጥር በኋላ ሲጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዚያም ቅጥሩ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ለሚረከብ ሠራተኛ ዋስ ይጠይቃልና ዋስ የሚሆን ሰው ቀደም ብላችሁ አስቡ።

ማስታወቂያውን ስታነቡ

በዚህ አካባቢ አራት ዓይነት ቀጣሪ አለ። አንደኛው የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ነው፦ ሐሮማያ ከዋናው ግቢና ሐረር ካለው የጤና ኮሌጁ ጋር፣ እንዲሁም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ። ሁለተኛው የድሬዳዋ አስተዳደር፣ ሦስተኛው የሐረሪ ክልል መሥሪያ ቤቶች፣ አራተኛው የግል ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ድርጅቶች ናቸው። የሥራ ቋንቋም ይለያያል። ድሬዳዋ አስተዳደር በአማርኛ ይሠራል፤ በሐረሪ ክልል ሐረሪና አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሐሮማያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ቢሆንም ዙሪያው ኦሮሚያ ነው። ከሁለት በላይ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ይህን በማመልከቻው የመጀመሪያ አንቀጽ ይጻፈው እንጂ ከታች አይደብቀው።

የመደቡ መጠሪያና ደረጃ፣ ደመወዙ፣ ቋሚ ይሁን ኮንትራት፣ የሥራ ቦታው — እነዚህ በማስታወቂያው ላይ ካልተጻፉ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። በዩኒቨርሲቲ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መደቡ በአስተዳደር ሠራተኞች ሥር ነው ወይስ በአካዳሚክ ሠራተኞች ሥር? ዕድገቱም፣ የትምህርት ዕድሉም፣ የሥራ ሰዓቱም በዚህ ላይ ይንጠለጠላል። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚያስተምሩት አካዳሚክ ሲሆኑ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው በአስተዳደር ሥር ይመደባሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አዲስ ውድድር ማለት ነው፤ ዝውውር አይደለም። ማስተማር የሚፈልግ ሰው «ገብቼ እሻገራለሁ» ብሎ ቢገባ ዓመታት ሊባክኑበት ይችላሉ።

ቦታውንም አስሉ። ከድሬዳዋ ሐረር በደንገጎ ዳገት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐሮማያ በመካከል ይገኛል። ከሳብያን ወይም ከቀዚራ ተነስቶ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ትራንስፖርቱ ከደመወዙ ብዙ ይወስዳል። የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሳና የማታ ፈረቃ ላይ የሚወጣን ሠራተኛ ያደርስ እንደሆነ ጠይቁ። ቤተ መጻሕፍት ማታም፣ ቅዳሜም ይሠራል፤ ሰርቪሱ ግን ብዙ ጊዜ በቢሮ ሰዓት ነው የሚሄደው።

እጅ ላይ የሚደርሰው

በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተግባር በዋለው የፌዴራል የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ሆኗል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብርና ጡረታ ይቀነሳል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 ከመቶ ይከፈልበታል።

ለ11,500 ብር ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ 300፣ 600፣ 750 እና 450 ብር ሲደመሩ ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል። ጡረታ ከጠቅላላው 7 ከመቶ ስለሆነ 805 ብር ነው። የሚቀረው 8,595 ብር ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ በየወሩ የሚቆረጥ ከሆነ ከዚህ ላይ ይነሳል። የቤት ኪራይ ስትዋዋሉ የምታስቡት በ11,500 ሳይሆን በዚህ የተጣራ ቁጥር ይሁን። በድሬዳዋ አስተዳደርና በሐረሪ ክልል ለምትገቡበት መደብ የሚሠራውን ስኬል ከሰው ሀብት ክፍሉ ጠይቁ፤ የግብሩና የጡረታው አቆራረጥ ግን አንድ ነው።

በግል ትምህርት ቤት ድርድሩ ብዙ ጊዜ በተጣራ ደመወዝ ነው የሚካሄደው፤ ጉዳቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። «8,000 ብር በእጅህ» ሲባል ያልተጣራው 10,556 ብር ገደማ መሆን አለበት። ቀጣሪው 5,000 ብር ብቻ በደመወዝ ስም አስመዝግቦ ቀሪውን በእጅ ቢሰጥ ጡረታው በ5,000 ይሰላል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም 5,000 ብሎ ይወጣል። ቀጣሪው በበኩሉ ለጡረታ 11 ከመቶ መክፈል ስላለበት ማሳነሱ ይጠቅመዋል። ስለዚህ በውሉ ላይ ያልተጣራው ቁጥር ይጻፍ፤ የተጣራውን ከላይ ባለው ስሌት ራሳችሁ ድረሱበት።

የግል ቅጥር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የሙከራ ቅጥሩም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አይሠራም። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በፈተና ሰሞን ማታ ስለሚቆይ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ማወቅ ግድ ነው፦ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል ይባዛል። ደመወዙ 10,400 ብር ቢሆን በተለመደው ስሌት ለ208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 50 ብር ይሆናል፤ አንድ የምሽት ትርፍ ሰዓት 75 ብር፣ የዕረፍት ቀኑ ሰዓት 100 ብር ነው። የሠራችሁትን ሰዓት በየዕለቱ መዝግባችሁ በየሳምንቱ ኃላፊው እንዲፈርምበት አድርጉ፤ በወር መጨረሻ ከትዝታ የሚጻፍ ሰዓት አይከፈልም።

ርክክብ፦ ብዙዎች የሚጎዱበት ቦታ

አዲስ ባለሙያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት «መጻሕፍቱን ተረከብ» ይባላል። እዚህ ላይ ሳይቆጠር ፈርሞ የተቀበለ ሰው ከዓመታት በፊት ለጠፋ መጽሐፍ ባለዕዳ ይሆናል። ዕዳው የሚታወቀውም ሥራ ሲለቅ፣ ክሊራንስ ሲጠይቅ ነው። ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ደብዳቤ የሚጠበቅበት ሰው ያኔ ምርጫ የለውም፤ ከፍሎ ይወጣል ወይም ዕድሉ ያመልጠዋል።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። ቆጠራ እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ለኃላፊው ሆኖ ግልባጩ ለንብረት ክፍል ይድረስ። ቆጠራው ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል፦ አስረካቢው፣ ከንብረት ክፍል የተመደበ ሰውና ተረካቢው። አንዱ የመዝገብ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ላይ ያነባል፣ ሌላው በዋናው መዝገብ ላይ ምልክት ያደርጋል። ውጤቱ በአራት ይከፈላል፦ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ በውሰት የወጣ፣ የተጎዳ፣ ያልተገኘ። «ያልተገኘ» የሚለውን ዝርዝር ከአስረካቢው ጋር አብራችሁ በየገጹ ፈርሙ። አሥር ሺህ መጻሕፍት ላለው ክፍል ሁለት ሳምንት ቢፈጅ አይግረማችሁ፤ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ መደርደሪያ በመደርደሪያ ይሠራል።

አለቃው «ዝም ብለህ ፈርም፣ በኋላ ይቆጠራል» ካለስ? ግጭት ውስጥ አትግቡ። ከፊርማችሁ ጎን በገዛ እጃችሁ «ቆጠራ ሳይደረግ የተፈረመ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉና አንድ ቅጂ ያዙ። በዚያው ሳምንት የቆጠራ ጥያቄ ደብዳቤ አስገቡ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጠው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የሚገቡ መጻሕፍት መንገዳቸው የተለየ መሆን አለበት። አዲስ መጽሐፍ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ወደ ንብረት ክፍል ይገባል፤ ከዚያ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ለቤተ መጻሕፍቱ ይወጣል። ሁለቱንም ሞዴል የምትፈርሙት እናንተው ከሆናችሁ ባለሙያም ንብረት ያዥም ሆናችኋል ማለት ነው፤ እንዲለይ በጽሑፍ ጠይቁ። አንባቢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ በሚያነብበት ቤት የተወሰነ መጽሐፍ በየዓመቱ መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ዓመታዊ ቆጠራና የጎደለውን ከመዝገብ የማስወገድ አሠራር እንዲኖር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሐሳብ አቅርቡ። ጉድለት በየዓመቱ ሲመዘገብ የአሠራር ጉዳይ ይሆናል፤ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ሲወጣ ግን የሰው ጥፋት ይመስላል።

ከርክክቡ ጋር የሥራ ዝርዝራችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ሌሎች ከኃላፊው የሚሰጡ ተግባራት» የሚለው መስመር ብቻውን እንዳይቀር፤ የካታሎግ ሥራ፣ ምደባ፣ የተጠቃሚ ሥልጠና፣ የዲጂታል ስብስብ አያያዝ የሚሉት በስማቸው ይጻፉ። በኋላ ለደረጃ ዕድገት ስትወዳደሩ «አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚባለው ከዚህ ወረቀት ነው የሚነበበው።

ባለሙያን ከበር ጠባቂ የሚለየው ሥራ

ክብር በልመና አይመጣም። መጽሐፍ አውጥቶ መመለስን ማንም በአንድ ቀን ይማራል፤ የአማርኛን መጽሐፍ በትክክል ካታሎግ ማድረግን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚችለው። ኮሃ የሚባለው ነፃ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በኡቡንቱ ወይም በደቢያን (ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ናቸው) ላይ ይጫናል፤ በራሳችሁ ላፕቶፕ ጭናችሁ ሠላሳ መጻሕፍት አስገቡበት። ከሠላሳው ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይኑሩ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ የምታሳዩት ሥራ ይህ ነው።

በአማርኛ መጻሕፍት ላይ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው።

የደራሲ ስም ቀዳሚው ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። ስለዚህ በማርክ 21 (የካታሎግ መረጃ በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ቅርጽ ነው) መስክ 100 ላይ የመጀመሪያው አመልካች 0 ይሆናል፣ ስሙም ሳይገለበጥ «አበበ ከበደ» ተብሎ ይጻፋል። አመልካቹን 1 አድርጎ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ የጻፈ ሰው መጽሐፉን ለአባትየው ሰጠው ማለት ነው። የውጭ መዝገብ በቀጥታ ስትቀዱ ይህ ስህተት አብሮ ይገባልና እያንዳንዱን አርሙ።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ። 2012 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ በፈረንጆቹ 2019 ወይም 2020 ነው። በመስክ 264 (የኅትመት መረጃ) ላይ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት ጻፉና ተመጣጣኙን በማዕዘን ቅንፍ አስከትሉ፤ በመስክ 008 (ኮምፒውተሩ በዓመት ሲፈልግ የሚያነበው ኮድ) ላይ የሚገባው ግን የፈረንጆቹ ነው። 2012ን ብቻ ያስገባ ሰው መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶታል፤ በዓመት የሚፈልግ ተመራማሪም አያገኘውም።

ሞክሼ ፊደላት ፍለጋን ይገድላሉ። «ሐረር» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀረር» የተባለውን አያገኝም፤ «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ»ም እንዲሁ። በመስክ 245 ርዕሱን ልክ እንደታተመው ጻፉ፤ ሌላውን አጻጻፍ በመስክ 246 ጨምሩ። ለቦታና ለሰው ስም አንድ የተመረጠ አጻጻፍ ያለበት የጋራ መዝገብ አዘጋጁ፤ ተረኛው ሁሉ እሱን ይከተል።

መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር በሚከፍለው በዲዊ ምደባ የኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ የአማርኛ ቋንቋ 492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ነው፤ ልብ ወለዱ 892.873 ይሆናል። አፋን ኦሮሞ 493.55፣ ሶማሊኛ 493.54 ነው። ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ ብቻ የግብርና መጽሐፍን 892.87 ውስጥ መወርወር ትልቅ ስህተት ነው። አንባቢው «በአማርኛ ስለ ግብርና የለም» ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ከልብ ወለድ መሐል ተቀምጧል።

ሐረር የሚሠራ ባለሙያ ሌላ የሚያስከብር መስክ አለው። ከተማዋ የጥንት የመጽሐፍ ጥረዛ ጥበብና በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች ያሏት ናት፤ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ብዙዎቹን ይዟል። በእጅ ጽሑፍ ላይ ስትሠሩ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይቅረብ፤ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ አታስለብዱትም። ሙጫው ቀለሙን ይበላል፣ ሲላጥም ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። ዐረብኛ ወይም ሐረሪ የሚያነብ ወጣት በዚህ ላይ የካታሎግ ዕውቀት ከጨመረ የሚፈልገው ቦታ ብዙ ነው።

የጤና ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሪሰርችፎርላይፍን፣ ማለትም የምርምር መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርበውን የኢንተርኔት አገልግሎት ይያዝ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ቡድን ውስጥ ናት፤ የጤናው ክፍል ሂናሪ ይባላል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምሩ ተማሪዎችን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በሁለት ሰዓት ማሠልጠን ይቻላል። መምህራን ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያላቸው አመለካከት የሚቀየረው ጽሑፍ ፈልጎ ሲያገኝላቸው ነው።

ሥራው በቁጥር ይመዝገብ

በየወሩ አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፉ፦ ካታሎግ የተደረገ ርዕስ ብዛት፣ የተስተካከለ የድሮ መዝገብ፣ የሠለጠነ ተጠቃሚ፣ ተጠይቆ ያልተገኘ መጽሐፍ። የመጨረሻው ለግዥ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል። የአፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ከሙያው ውጭ ስለሆነ ከቁጥር ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም። የምዘና ውጤቱን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ካልተስማማችሁ አስተያየታችሁን በቅጹ ላይ ጽፋችሁ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በጊዜ አቅርቡ።

የግል ድርጅት ስትለቁ የሥራ ልምድ ደብዳቤው የመደቡን መጠሪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ ያልተጣራውን ደመወዝና የሥራ ግብር መከፈሉን ይግለጽ። ግብር መከፈሉን የማይገልጽ ደብዳቤ በመንግሥት ቅጥር ላይ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። «በቤተ መጻሕፍት ክፍል አገልግሏል» የሚል ልቅ አባባል ካለበትም መልሱት፤ «የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ» ይባል።

ሁለተኛ ዲግሪ ለማሰብ ትክክለኛው ጊዜ የመደቡ ደረጃ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ በጽሕፈት መደብ ላይ ሆኖ የተጨመረ ዲግሪ መደቡን አያነሳውም። ለመግባት ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ የሚልካችሁ ከሆነ የውሉን የግዴታ አገልግሎት ዘመን፣ በትምህርት ላይ ሳላችሁ ደመወዝ ይቀጥል አይቀጥል፣ ስትመለሱም በየትኛው መደብ እንደምትመደቡ ከመፈረማችሁ በፊት አጽፉ።